ከባቢሎን ቅጥር እስከ አባ ጳውሊ ዋሻ፦ አምስት ቀን በግብፅ በረሃ

ስንክሳር እየሰማ ያደገ ሰው እነዚህን ስሞች በጆሮው ያውቃቸዋል፤ እንጦንስ፣ መቃርስ፣ ብሶይ፣ ዮሐንስ ሐጺር፣ ሙሴ ጸሊም። «ገዳመ አስቄጥስ» የሚለውም ለጆሮው አዲስ አይደለም። አስቄጥስ ዛሬ ዋዲ ናጥሩን የሚባለው ሸለቆ ነው፤ ከካይሮ ወደ እስክንድርያ በሚወስደው የበረሃ መንገድ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ጠዋት ተነሥቶ ለቁርስ የሚደረስበት ቦታ ነው።

ገዳማቱን ለመቁጠር የሚሄድ ሰው በሁለት ቀን ይጨርሳቸዋል፤ ይዞ የሚመለሰውም ፎቶ ብቻ ነው። እነዚህ አባቶች ግን ከመጽሐፍ አንዲት ቃል ሰምተው ዕድሜ ልካቸውን በእርሷ የኖሩ ናቸው። በየቦታው ያቺን ቃል አውጥቶ እዚያው ቆሞ ማንበብ፣ ከዚያ ጥቂት ዝም ብሎ መቀመጥ የዚህ ጉዞ ዋና ሥራ ነው። ለዚህም ሦስት መጻሕፍት ይበቃሉ፤ መጽሐፍ ቅዱስ፣ ዳዊት፣ ውዳሴ ማርያም። ስልክ ላይ ካለው ይልቅ ወረቀቱ ይሻላል፤ ቤተ መቅደስ ውስጥ ስልክ አውጥቶ የቆመን ሰው መነኮሳቱ ፎቶ ሊያነሣ ነው ብለው ይከለክሉታል።

ከመነሣት በፊት ሊታለፉ የማይገባቸው ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው ጊዜ ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት አጋማሽ አየሩ ይመቻል። በመጋቢትና በሚያዝያ አሸዋ የሚያዘንበው የኸማሲን ነፋስ ይነሣል፤ ከሰኔ በኋላ ያለው ሙቀት ደግሞ ተራራ አያስወጣም። ነገር ግን በዚሁ በሚመቸው ወቅት የነቢያት ጾም አለ፤ ቀጥሎም ዐቢይ ጾም ይገባል። በአጽዋማት አንዳንዶቹ ገዳማት በራቸውን ለእንግዳ ይዘጋሉ ወይም ሰዓት ይቀንሳሉ። ብዙ ተጓዥ ከበር የሚመለሰው በዚህ ምክንያት ነው። ከገና በኋላ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ያሉት ሳምንታት ከሁሉም የተሻሉ ናቸው። የግብፃውያን የቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ከእኛው ጋር አንድ ስለሆነ የአባ እንጦንስ በዓል እዚያም ጥር 22፣ የአባ ጳውሊ የካቲት 2 ነው። በዓሉን በቦታው ማክበር የሚፈልግ ሕዝብ እንደሚበዛ አስቦ ማደሪያውን አስቀድሞ ይያዝ።

ሁለተኛው ደብዳቤ ነው። ገዳም ውስጥ ለማደር ከሚያገለግሉበት አጥቢያ ወይም ከሀገረ ስብከት ማኅተም ያለው የመታወቂያ ደብዳቤ ይጠየቃል፤ በእንግሊዝኛ ወይም በዓረብኛ ይሁን። በአማርኛ ብቻ የተጻፈ ደብዳቤ ይዞ ከበር መድረስ የተለመደ ስሕተት ነው። ማደር የማይፈልግ ደብዳቤ ባይኖረውም ፓስፖርቱ ከእጁ አይለይ፤ በበረሃው መንገድ ኬላ ይበዛል፣ የውጭ አገር ዜጋ ሲያዩም መዝግበው ያሳልፋሉ። ሦስተኛው የንስሐ አባት ነው። ሁለቱ አብያተ ክርስቲያናት በሃይማኖት አንድ በመሆናቸው ኢትዮጵያዊ ምእመን በዚያ ሊቆርብ ይችላል። ሆኖም የሚያውቀውን አባት ማማከርና መዘጋጀት ያለበት ከቤቱ ሳይወጣ ነው። ግብፃውያን ከመቁረባቸው በፊት ቢያንስ 9 ሰዓት ይጾማሉ፤ የእኛው 18 ሰዓት ስለሆነ የራስን ሥርዓት መጠበቅ ይገባል።

ልብስን በተመለከተ ወንድም ሴትም ክንድና ጉልበት የሚሸፍን ይልበሱ። ለሴቶች ነጠላ ለዚህ ጉዞ የተሠራ ያህል ነው፤ ራስ ይሸፍናል፣ አሸዋ ይከላከላል፣ ሌሊት ሲቀዘቅዝም ይደረባል። ወፍራም ካልሲ መያዝም አይረሳ። ጫማ ወልቆ በድንጋይ ወለል ላይ ሁለት ሦስት ሰዓት ይቆማል፤ የጥር ሌሊት ብርድ የሚገባው ከእግር ነው።

ቀን አንድ፣ ዓርብ፦ ጥንታዊት ካይሮ

ዓርብ በግብፅ የዕረፍት ቀን ስለሆነ ጠዋት የካይሮ መንገድ ባዶ ነው። ገዳማቱ ግን በዚያው ቀን በአውቶቡስ በሚመጣ ምእመን ይጨናነቃሉ። ስለዚህ ዓርብን ለከተማው፣ ከቅዳሜ ጀምሮ ያለውን ለበረሃው መስጠት ያዋጣል። በሜትሮ የመጀመሪያው መስመር «ማር ጊርጊስ» የሚባለው ጣቢያ ላይ ሲወረድ የሮማውያን የባቢሎን ምሽግ ፊት ለፊት ይታያል። «አል ሙዐለቃ» የምትባለው የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን በምሽጉ በር ላይ የተሠራች ናት፤ «የተንጠለጠለችው» ማለት ነው። ጠዋት ቅዳሴ ስላለ ቀድሞ መድረስ ነው፤ ከቅዳሴ በኋላ የሚገባው ጎብኚ ብዙ ስለሆነ ጸሎት አይቻልም።

ከዚያ በጠባብ ደረጃ ወርዶ በቅጥሩ ውስጥ ወዳለው የሰርጊስና የባኮስ ቤተ ክርስቲያን ይኬዳል። ከመቅደሱ ሥር ያለችው ዋሻ ቅድስት ቤተሰብ ያረፈችባት እንደሆነች ይታመናል። ለብዙ ዓመት የከርሰ ምድር ውኃ ይሞላት ነበር፤ ዛሬ ደርቃለች። እዚህ የሚነበበው ማቴዎስ 2፥13-15 ነው። ማቴዎስ ከሆሴዕ 11፥1 የጠቀሰውን «ልጄን ከግብፅ ጠራሁት» የሚለውን ሁለቱንም ቦታ አውጥቶ ጎን ለጎን ማንበብ ጥሩ ነው። ጌታ በሕፃንነቱ የተሰደደበት አገር ኋላ የመናንያን አገር መሆኑ ለእነዚያ አባቶች እንዲሁ የሆነ ነገር አልነበረም።

የቀኑ ዋና ነገር ግን ያለው እዚያው አጠገብ በቅብጥ ሙዚየም ነው። በ1984 እ.ኤ.አ. ከቤኒ ሱዌፍ አቅራቢያ በአል ሙዲል መቃብር ውስጥ አንድ የብራና መጽሐፍ ተገኘ። የዳዊት መዝሙር ነው፤ በቅብጥ ቋንቋ የተጻፈ፣ 1,600 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ። የተገኘውም በአንዲት ልጅ አስከሬን ራስጌ ነው፤ መጽሐፉን አንተርሰው ቀብረዋታል። ሙዚየሙ ለብቻው ክፍል ሰጥቶታል። መጠኑ ትንሽ ነው፤ የእንጨት ገበታ አለው፣ ቅጠሎቹ በአገልግሎት ብዛት የጠቆሩ ናቸው። በማኅደር አንገቱ ላይ ዳዊቱን አንጠልጥሎ የሚሄድ አባት ያየ ኢትዮጵያዊ ይህ መጽሐፍ ምን እንደሆነ ማንም እንዲነግረው አይፈልግም። እናቷ ይሁን አባቷ፣ ያነተረሰላት ሰው ከዚህ የሚበልጥ ስንቅ አላገኘላትም። ሰዓት አጠረ ተብሎ ሌላው ሁሉ ይታለፍ፤ ይህ ክፍል አይታለፍ።

ቀን ሁለት፣ ቅዳሜ፦ አባ ብሶይና የሶርያውያን ገዳም

ወደ ዋዲ ናጥሩን ከካይሮ አውቶቡስ አለ፤ የሚያወርደው ግን ከተማው ላይ ነው። ገዳማቱ እርስ በርስ ስለሚራራቁ ለሁለት ቀን መኪና ከነሹፌሩ መከራየት ይሻላል። ዋጋው ሲነገር የመጠበቂያው ሰዓት ጭምር መሆኑን አስቀድሞ መነጋገር ይገባል። «ሁለት ሰዓት» ተብሎ የገባ ሰው አራት ሰዓት ስለሚቆይ ጠብ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው።

አባ ብሶይ በ4ኛው ክፍለ ዘመን የኖረ አባት ነው። ትንቢተ ኤርምያስን እጅግ ከማንበቡ የተነሣ አባቶች «የኤርምያስ ብሶይ» ይሉት ነበር። የሚነበበውም እርሱው ነው፦ «ራሴ ውኃ፥ ዓይኔም የእንባ ምንጭ በሆነልኝ» ኤርምያስ 9፥1። ዐፅሙ በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ በቀይ ጨርቅ ተሸፍኖ ይገኛል። በ2012 እ.ኤ.አ. ያረፉት ፓትርያርክ አቡነ ሺኖዳ 3ኛ የተቀበሩትም በዚህ ገዳም ነው፤ የሕዝቡ ብዛት በዋናነት ወደ እርሳቸው መቃብር ነው። ጸጥታ የሚፈልግ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ገደማ ይምጣ።

በግቢው ውስጥ ያለውን ግንብ ልብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ሦስት ፎቅ ነው፤ በምድር ላይ በር የለውም። የሚገባበት በሁለተኛው ፎቅ ሲሆን ከጎኑ ካለው ሕንፃ በእንጨት ድልድይ ይሸጋገራሉ። በርበሮች የተባሉት የበረሃ ወራሪዎች ሲመጡ መነኮሳቱ ገብተው ድልድዩን ወደ ላይ ይስቡታል። ውስጡ ጕድጓድ፣ የእህል ጎተራና ከላይ የቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን አለው። አስቄጥስ በ5ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አጋማሽ ብቻ ሦስት ጊዜ በ407፣ በ434 እና በ444 እ.ኤ.አ. ተወርራ ጠፍታለች፤ ግንቦቹ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው።

የሶርያውያን ገዳም ከዚህ በእግር የጥቂት ደቂቃ መንገድ ነው። ሁለት ነገር አለው። አንደኛው በእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ያለው ከጥቁር እንጨትና ከዝሆን ጥርስ የተሠራ በር ነው፤ በ10ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ተሠራ። ሰባት ረድፍ ያለው ሲሆን መነኮሳቱ እያንዳንዱን ረድፍ የቤተ ክርስቲያን አንድ ዘመን አድርገው ይተረጕሙታል። በምዕራቡ ጥግ ደግሞ አባ ብሶይ ይጸልይባት የነበረች ጠባብ በኣት አለች፤ ከጣሪያው ገመድ ወርዷል። አባ ብሶይ ሲጸልይ እንቅልፍ እንዳይጥለው ጠጕሩን በዚህ ገመድ ያስር ነበር ይባላል። በኣቷ አንድ ሰው ብቻ የምትይዝ ስለሆነች ተራ ይጠበቃል፤ ገብቶ አንድ አቡነ ዘበሰማያት ደግሞ መውጣት እንጂ መቆየት አይገባም።

ሁለተኛው ዛፍ ነው። ቅዱስ ኤፍሬም ሶርያዊ አባ ብሶይን ሊጎበኝ መጥቶ በትሩን ከደጅ ተክሎ ገባ፤ ሲወጣ አቆጥቍጦ አገኘው፤ ይህ የተምር ሂንዲ ዛፍ ያ በትር ነው ይላሉ። በእኛ ትውፊት ውዳሴ ማርያምን የደረሰው ይኸው ኤፍሬም ነው። ከዛፉ ሥር የቅዳሜውን ውዳሴ ማድረስ ከጎብኚ ወደ ጸሎተኛ የሚያሻግር ነገር ነው። ቅርንጫፍ መቍረጥ ግን ክልክል ነው፤ ለበረከት ብሎ ቅጠል የሚቀነጥስ ሰው በዝቶ ዛፉን በአጥር ለመከለል ተገድደዋል።

ቀን ሦስት፣ እሑድ፦ ባራሙስና አባ መቃርስ

ባራሙስ ዛሬ በሸለቆው ካሉት አራት ገዳማት በስተ ሰሜን ምዕራብ ያለው ነው። ስሙ «የሮማውያን» ማለት ሲሆን መክሲሞስና ዱማቴዎስ ለተባሉት ሁለት ወንድማማች መናንያን የተሰጠ ነው። እሑድ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ደወል ይመታል፤ በአቅራቢያው ያደረ ሰው ይደርሳል። ማደሪያ ያላገኘ በጠዋት ለቅዳሴው ይድረስ።

ቅዳሴው በዓረብኛና በቅብጥ ቢሆንም የሚጠፋ ሰው አይኖርም፤ ቅደም ተከተሉ የታወቀ ነው። ሕብስቱን ግን በቅርብ ማየት ይጠቅማል። መጠኑ የእጅ መዳፍ ያህል ክብ ነው፤ በእርሾ የተጋገረ ነው። መካከሉ ላይ አንድ ትልቅ መስቀል፣ በዙሪያው 12 ትናንሽ መስቀሎች አሉ፤ ጌታና ሐዋርያቱ ናቸው። ዳር ዳሩን በእንጨት ማኅተም የታተመ ጽሑፍ ይዞረዋል፦ ቅዱስ እግዚአብሔር፣ ቅዱስ ኃያል፣ ቅዱስ ሕያው ዘኢይመውት። ከመካከሉ መስቀል በአንድ ወገን ሦስት፣ በሌላው ሁለት ቀዳዳ ይታያል፤ አምስቱ የጌታ ቍስሎች ናቸው። ከተጋገሩት መካከል እንከን የሌለበት አንዱ ለመሥዋዕት ይመረጣል፤ የቀሩት ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝቡ ይታደላሉ፤ እኛ አውሎግያ እንደምንለው ነው። ያልቈረበ ሰውም ይቀበላል። በሁለት እጅ ተቀብሎ ፍርፋሪው ሳይወድቅ እዚያው መብላት ነው፤ ኪስ ከትቶ መሄድ አያምርም።

በዚህ ገዳም የሙሴ ጸሊምና የመምህሩ የአባ ኤስድሮስ ዐፅም በአንድ ሣጥን ውስጥ ይገኛል። ሙሴ ጸሊም ወንበዴ ነበር፤ ንስሐ ገብቶ የአስቄጥስ አባት ሆነ። አንድ ወንድም በድሎ ሊፈረድበት ማኅበሩ ሲሰበሰብ ሙሴ የተቀደደ ቅርጫት አሸዋ ሞልቶ በጀርባው ተሸክሞ መጣ። ምንድን ነው ቢሉት «ኃጢአቴ ከኋላዬ እየፈሰሰ ነው፣ እኔ ግን አላየውም፤ ዛሬ በሌላው ላይ ልፈርድ መጣሁ» አለ። ወንድሙን ማሩት። ከገዳሙ በር ወጥቶ አሸዋውን በእጅ ዘግኖ ማየት ነው፤ ደቃቅና ደረቅ ስለሆነ በጣት መካከል ድምፅ ሳያሰማ ያልቃል። ተሸካሚው መፍሰሱን የማያውቅበት ምክንያት ይገባል። በ407 ወራሪዎቹ ሲመጡ ወንድሞቹን እንዲሸሹ መክሮ እርሱ ቀረ። ለዘመናት ሲጠብቀው የነበረው ቃል ይህ ነበር፦ «ሰይፍ የሚያነሡ ሁሉ በሰይፍ ይጠፋሉ» ማቴዎስ 26፥52። ይህን ቃል በዐፅሙ ፊት ያነበበ ኢትዮጵያዊ ስለ አገሩ ሳይጸልይ አይነሣም። በዓሉ ሰኔ 24 ነው።

ከገዳሙ ወጣ ብሎ በበረሃው ውስጥ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት በዋሻ የኖረ ኢትዮጵያዊ ባሕታዊ ነበር፤ ግብፃውያን አባ ዐብደል መሲሕ አል ሐበሺ ይሉታል። ወደ ዋሻው መሄድ የሚፈልግ መነኮሳቱን ጠይቆ መሪ ይያዝ፤ አሸዋው የመኪና ጐማ ይውጣል፣ ምልክትም የለውም። የመካከለኛው ዘመን የኢትዮጵያውያን ገዳምም በዚሁ ሸለቆ ከዮሐንስ ሐጺር ገዳም አጠገብ ነበር፤ ዛሬ ፍርስራሽ ነው። ዮሐንስ ሐጺር መምህሩ ደረቅ እንጨት ተክሎ «ውኃ አጠጣው» ቢለው ውኃው ሩቅ ነበርና ማታ እየሄደ ጠዋት እየተመለሰ ሦስት ዓመት አጠጣው፤ እንጨቱም አፈራ። መምህሩ ፍሬውን ወደ ቤተ ክርስቲያን ወስዶ «የመታዘዝን ፍሬ ብሉ» አለ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ ወደ አባ መቃርስ ገዳም ነው። ይህ ከአራቱ ሁሉ ጥብቅ ነው፤ ቀድሞ ፈቃድ ያልተቀበለን እንግዳ አያስገባም። በሌሎቹ ገብቶ የለመደ ተጓዥ እዚህም እገባለሁ ብሎ ከበር ይመለሳል። አባ መቃርስ ስለ ጸሎት ሲጠየቅ ብዙ ቃል አያስፈልግም፣ እጅን ዘርግቶ «ጌታ ሆይ፣ እንደ ፈቃድህና እንደምታውቀው ማረኝ» ማለት ይበቃል ብሏል። አንድ ቀን ወደ በኣቱ ሲመለስ ሌባ ዕቃውን በእንስሳ ሲጭን አገኘው። እንደ መንገደኛ ቀርቦ ጭነቱን አገዘው፣ በሰላምም ሸኘው፤ የጳውሎስንም ቃል ተናገረ፦ «ወደ ዓለም ምንም እንኳ አላመጣንምና፥ አንዳችም ልንወስድ አይቻለንም» 1ኛ ጢሞቴዎስ 6፥7። ማታ ወደ ካይሮ ተመልሶ ማደር ነው፤ የነገው መንገድ በሌላው አቅጣጫ ነው።

ቀን አራት፣ ሰኞ፦ አባ እንጦንስ

ከካይሮ በዓይን ሱኽና አድርጎ በቀይ ባሕር ዳር እስከ ዘዓፈራና ወደ 200 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከዚያ ወደ ምዕራብ ወደ በረሃው 45 ኪሎ ሜትር ያህል ይገባል። ነዳጅም ውኃም ከዘዓፈራና በፊት መሙላት ያስፈልጋል። ከንጋቱ 12 ሰዓት የተነሣ እስከ 4 ሰዓት ይደርሳል፤ ዘግይቶ የተነሣ ወደ ዋሻው የሚወጣው በእኩለ ቀን ፀሐይ ይሆናል።

እንጦንስ በ251 እ.ኤ.አ. ገደማ የተወለደ የባለጠጋ ልጅ ነበር። ወላጆቹ ሲሞቱ እርሻና ታናሽ እኅት ቀረለት። ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ወንጌሉ ይነበብ ነበር፦ «ፍጹም ልትሆን ብትወድ፥ ሂድና ያለህን ሸጠህ ለድሆች ስጥ» ማቴዎስ 19፥21። ይህ ቃል ለእኔ ነው የተነበበው ብሎ ወጣና ርስቱን ሰጠ፤ ለእኅቱ ጥቂት አስቀረ። ሌላ ቀን ሲገባ ደግሞ «ለነገ አትጨነቁ» የሚለውን ሰማ፤ ያስቀረውንም ሰጥቶ እኅቱን ለደናግል አደራ አለና ሄደ። ሁለቱም ጊዜ ቃሉን ያገኘው በምንባብ ሰዓት ቤተ ክርስቲያን ቆሞ ነው። ታሪኩን የጻፈው ቅዱስ አትናቴዎስ ነው፤ እንጦንስ በ356 በ105 ዓመቱ አረፈ።

ዋሻው ከገዳሙ በላይ በጀላላ ተራራ ላይ ነው። ከ1,100 በላይ ደረጃ አለው፤ ለጤነኛ ሰው ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይወስዳል። ለአንድ ሰው ሁለት ሊትር ውኃ ያስፈልጋል። ብዙዎች የሚደክሙት መጀመሪያ ላይ ፈጥነው ስለሚወጡ ነው፤ አንድ መዝሙር እያደረሱ በየመቶው ደረጃ ቆም ማለት ይሻላል። ጕልበት የሚያመው ሰው መውጣቱን ሳይሆን መውረዱን ይፍራ፤ በትር ይያዝ። የዋሻው መግቢያ ስንጥቅ ነው፤ ትከሻን ወደ ጎን አዙሮ ጥቂት ሜትር መሄድ ያስፈልጋል። ቦርሳና ጫማ ውጭ ይቀራል፣ ባትሪ ይያዛል። የጠበበ ቦታ የሚያስፈራው ሰው ከደጁ ባለው ደርብ ላይ ይጸልይ፤ ከዚያ ዋዲ ዓረባ ሙሉ ይታያል፣ ምንም የሚጎድልበት ነገር የለም። ውስጡ ሲገባ ሦስት አራት ሰው የሚይዝ ጨለማ ክፍል ነው።

እንጦንስ እዚህ ተሰላችቶ ሳለ አንድ ሰው ተቀምጦ የዘንባባ ገመድ ሲገምድ፣ ተነሥቶም ሲጸልይ፣ ደግሞ ተቀምጦ ሲገምድ አየ። መልአክ ነበር፤ «እንዲህ አድርግ፣ ትድናለህ» አለው። የእጅ ሥራና ጸሎት የተጋቡት እንዲህ ነው፤ በእኛም ገዳማት መነኩሴው ሰሌን እየሠራ ዳዊት የሚደግመው ከዚህ የወረሰውን ነው።

ወደ ገዳሙ ሲወረድ በጥንታዊው ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ያሉት ሥዕሎች ይጠብቃሉ። ቴዎድሮስ የተባለ ሠዓሊ ከረዳቶቹ ጋር በ1232 እና በ1233 እ.ኤ.አ. የሣላቸው ናቸው። ለዘመናት በጥላሸት ተሸፍነው ቆይተው በ1990ዎቹ ጸዱ። በፈረስ ላይ ያሉት ሰማዕታት የሀገራችንን ሥዕል ለለመደ ዓይን እንግዳ አይደሉም። በቅጥሩ ላይ ደግሞ ትልቅ የእንጨት መዘውር አለ፤ ድሮ በር ስላልነበረው ሰውም እህልም የሚገባው በዚህ እየተሳበ ነበር። ስንክሳርን በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከዓረብኛ ወደ ግእዝ የመለሰው ስምዖንም የዚህ ገዳም መነኩሴ ነበር። በየአጥቢያው «ስንክሳር ዘወርኀ» ተብሎ የሚነበበው መጽሐፍ ከዚህ ቅጥር ጋር ዝምድና አለው።

ቀን አምስት፣ ማክሰኞ፦ ምስጋናውና አባ ጳውሊ

በአባ እንጦንስ ገዳም ላደረ ሰው ሌሊት 10 ሰዓት ደወል ይመታል። የሌሊቱ ምስጋና ሁለት ሰዓት ያህል ይወስዳል፣ ቅዳሴ ይከተለዋል። መብራት ጥቂት ነው፤ መነኮሳቱ በሁለት ወገን ቆመው እየተቀባበሉ ያዜማሉ። ይህ ሰዓት ለኢትዮጵያዊ የተለየ ነው። ከሳምንቱ ቀናት ለእያንዳንዱ የተመደበው የእመቤታችን ምስጋና የእኛው ውዳሴ ማርያም ነውና። ማክሰኞ «ፒክሎም» ብለው ሲጀምሩ መጽሐፉን መግለጥ ነው፤ «አክሊል» ማለት ነው። «አክሊለ ምክሕነ ወቀዳሚተ መድኃኒትነ ወመሠረተ ንጽሕነ ኮነ በማርያም ድንግል»። ዜማው ሌላ ነው፣ ቋንቋውም ሌላ ነው፤ የሚሉት ግን ያንኑ ነው፣ በዚያው ቀን። በመጽሐፉ ላይ ጣትን እያስኬዱ መከተል ይቻላል፤ ጐን የቆመ መነኩሴ ይህን አይቶ መቅረዙን ቢያስጠጋ አያስደንቅም። የሰኞውን «ፈቀደ እግዚእ» መስማት የፈለገ ግን ጉዞውን በአንድ ቀን አስቀድሞ እሑድ ማታ እዚህ ማደር አለበት።

ከቁርስ በኋላ ወደ ዘዓፈራና ተመልሶ በባሕሩ ዳር ወደ ደቡብ 25 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከዚያ ወደ ተራራው 13 ኪሎ ሜትር ሲገባ የአባ ጳውሊ ገዳም ይገኛል። በመኪና በጠቅላላው 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሁለቱን ገዳማት የሚለየው ያው የጀላላ ተራራ ነው፤ በእግር ተሻግሮ የሚሄድ አለ፣ ግን ያለ መሪና ያለ በቂ ውኃ ሰው የሚሞትበት መንገድ ነው።

ጳውሊ በ250 እ.ኤ.አ. የሮማው ንጉሥ ዳክዮስ ክርስቲያኖችን ባሳደደ ጊዜ ገና ወጣት ሳለ ሸሽቶ ወደዚህ ገባ፤ 113 ዓመት እስኪሞላው ሰው አላየውም ይላሉ። ልብሱ የተጐነጐነ ዘንባባ ነበር። በየቀኑ ቁራ ግማሽ እንጀራ ያመጣለት ነበር፤ ለኤልያስ ቁራዎች ጠዋትና ማታ እንዳመጡለት፣ 1ኛ ነገሥት 17፥6። የዋሻው ቤተ ክርስቲያን በዚያች በኣቱ ላይ የተሠራ ነው፤ መቃብሩም በውስጡ አለ። ደረጃው ወደ ታች ስለሚወርድና ጣሪያው ዝቅ ያለ ስለሆነ ረጅም ሰው ራሱን ይጠብቅ። ከዚያ ወጣ ሲሉ ምንጩ አለ፤ በዓለት ስንጥቅ ውስጥ ይፈልቃል፣ ገዳሙ በእርሱ ይኖራል። ጠርሙስ ይዞ መሙላት ይፈቀዳል።

እንጦንስ በ90 ዓመቱ ከእርሱ የሚበልጥ መናኝ እንዳለ ተገልጦለት በዚህ ተራራ ላይ ፍለጋ መጣ። ደጁን አንኳኵቶ ብዙ ከለመነ በኋላ ተከፈተለት፤ በስማቸው ተጠራርተው ተቃቀፉ። ጳውሊ የጠየቀው ስለ ዓለም ነው፤ ሰዎች እንዴት ናቸው? በአሮጌ ከተሞች አዲስ ቤት ይሠራሉን? ያን ቀን ቁራው ሙሉ እንጀራ ይዞ መጣ። እንጀራውን ማን ይቍረስ በሚለው እስከ ማታ ተከራከሩ፤ ጳውሊ «አንተ እንግዳ ነህ» አለ፣ እንጦንስ «አንተ በዕድሜ ትበልጣለህ» አለ። በመጨረሻም ሁለቱም ያዙት፣ እያንዳንዱ ወደ ራሱ ሳበው፣ በእጁ የቀረለትንም በላ። ከዚያ ከምንጩ ጥቂት ጠጥተው ሌሊቱን በምስጋና አደሩ።

የገዳሙ መጋቢ ለእንግዳ የሚያቀርበው ፉል፣ ዳቦ፣ የወይራ ፍሬና ሻይ ነው፤ ክፍያ አይጠየቅበትም፣ በበሩ ያለው የሙዳየ ምጽዋት ሣጥን ግን አይረሳ። ወደ ካይሮ ለመመለስ ከ9 ሰዓት በፊት መነሣት ይገባል፤ ሲመሽ የባሕር ዳሩ መንገድ በከባድ መኪና ይሞላል። ከመነሣት በፊት ግን ከባልንጀራ ጋር አንዲት ዳቦ ይዞ ወደ ምንጩ መመለስ፣ በሁለት ወገን ይዞ ወደ ራስ መሳብ፣ በእጅ የቀረውን መብላት።